ሁንዴ ወደ ግራ የታጠፈ ዕለት

የሮቤ ሰው የሁንዴ ጉሉማን ድል ሲቆጥር «ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ» ይላል። በመሃል አንድ ዓመት ይዘላል። የሚዘለው እኔን ላለማሳፈር ነው፤ አላህ ይስጣቸው። እኔ ቀመር ግን ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ጥርሱ አንድ የጎደለ ሰዓት ይዤ ጠግኜ ጨረስኩ አልልም። የተዘለለውን ዓመት ራሴ እናገራለሁ።

ሁንዴ የጎባ ልጅ ነው። የሮቤው ነጋዴ የሐጂ አብዶን ላንድሮቨር እየነዳ ከብድሬ ቅቤ፣ ከሃረና ቡና ያመጣ ነበር። መቀመጥ አይችልም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሲቀመጥ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። በገዛ ሠርጉ ላይ ከሙሽራ ወንበሩ ጠፍቶ የሚዜዎቹን መኪና ኮፈን ከፍቶ ተገኝቷል፤ ሚስቱ ዲንቄ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችለትም። እናቱ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስትለው፣ «እኔ ለመልቀሚያ ጊዜ የለኝም» ይላት ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች በየዓመቱ ጥር ላይ ከዶዶላ እስከ ጎባ የሚካሄድ የመኪና ውድድር ጀመሩ። ለውድድር የተሠራ መኪና አልነበረም። ሁሉም የሚሠራበትን መኪና ጭነቱን አራግፎ፣ በሩ ላይ ቁጥር ጽፎ ይመጣል። አንደኛ የወጣ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ በሚደረገው ትልቁ ውድድር ይሰለፋል። ሁንዴ ይህን ከሰማ ወዲህ ዕረፍት አጣ። ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩት አይሰማም፤ አዲስ አበባ ሲሉት ብድግ ይላል።

ደንቡ ለሾፌሩ መንገድ የሚነግር ሰው አብሮ ይሳፈር ይላል። የመንገዱ ወረቀት የሚሰጠውም ለዚያ ሰው ነው። ሁንዴ እኔን መረጠ። ሰዓት አለኝ፣ ማንበብ እችላለሁ፣ ደግሞም ክብደት የለኝም። በመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛ ወጣን። በ1963 ሁለተኛ ሆንን፤ የጎሮው ቦሩ በአንዲት ደቂቃ ቀደመን። ሁንዴ ዓመቱን ሙሉ ያቺን ደቂቃ ሲፈልግ ከረመ። ሱቄ ድረስ እየመጣ «ቀመር፣ ደቂቃ ስንት ናት?» ይለኛል። «ስድሳ ሴኮንድ» እለዋለሁ። «በጣም ትንሽ ናት» ብሎ ሳይቀመጥ ይወጣል።

በ1964 የቀደምነው እኛ ነበርን። ዲንሾን ስናልፍ ከኋላችን አቧራ እንኳ አይታይም። የሮቤ ገበያ ቀን ስለነበር ከተማው ሳንደርስ ታጥፈን በስንዴ ማሳ መሃል እንድናልፍ ወረቀቱ ያዛል። ማሳው ሲያልቅ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኙ ጎባ ያወጣል፣ ግራው ረግረግ ውስጥ ይገባል። ጉም ወርዷል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ሁንዴና እኔ እንደማንኛውም የሮቤ ሰው አማርኛና ኦሮምኛ እያደባለቅን ነው የምናወራው፤ ግራና ቀኝን ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የምነግረው። እኔ ደግሞ ስደነግጥ አማርኛዬ ይጠፋል። መንታው መንገድ ድንገት ፊቴ ሲደቀን ያመለጠኝ ኦሮምኛ ነው።

«ገረ ሚርጋ!»

ወደ ቀኝ ማለቴ ነበር። ሁንዴ ግን «ገረ» ያልኩትን «ግራ» ብሎ ሰማው፤ የቀረውን ሞተሩ ዋጠው። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ።

ጎማዎቹ ሙሉ በሙሉ ሰመጡ። ቦሩ በቀኙ መንገድ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ሁንዴ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ግራ አልክ» አለኝ።

«ገረ ነው ያልኩት! ገረ ሚርጋ!»

«ግራ አልክ፣ ቀመር።»

«ጆሮህን ተመርመር!»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ዓመቱን ሙሉ ጥፋቱ የጆሮው ነው ስል ከረምኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሮቤ በሙሉ «ሰውየውን በአፉ ጭቃ ከተተው» እያለ ሲያማኝ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነበርኩ።

በ1965 ሁንዴ መኪናውን ሊለምን ሐጂ አብዶ ዘንድ ሲሄድ እኔን ይዞ ሄደ። ሌላ ሰው ይፈልጋል ብዬ ነበር።

«ሐጂ፣ አንዴ ብቻ ይስጡኝ» አላቸው።

ሐጂ መኪናቸው በስድስት በሬ ተጎትታ ስትወጣ በዓይናቸው አይተዋል። «ይህንን ሰውዬ ይዘህ?» አሉ።

«አዎ፣ እሱን ይዤ።»

«እንግዲያው የመጨረሻው ነው። ካሸነፍክ አዲስ አበባም በእሷው ሂድ። ከተሸነፍክ ግን ውድድር የሚል ቃል ከአፍህ እንዳልሰማ። እሱም አፉን ይያዝ!»

አፌን ያዝኩ። ከሁንዴ ኋላ ልቀመጥና ቀኝ ትከሻውን ስነካው ቀኝ፣ ግራውን ስነካው ግራ እንዲታጠፍ ተስማማን። ከዶዶላ እስከ ሮቤ አንዲት ቃል ሳልናገር፣ እሱም አንዲት መታጠፊያ ሳይስት ደረስን። ቦሩ ከኋላችን ነው። ማሳው ውስጥ ገባን፤ ያው ጉም፣ ያው መንታ መንገድ። ወረቀቱ ቀኝ ይላል። እጄን አነሳሁ። ደግሜ ባጠፋውስ የሚል ፍርሃት ያዘኝና እጄ አየር ላይ ቀረ።

ሁንዴ ሳይጠብቀኝ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ጎባ አንደኛ ገባን። ሰው በትከሻው ተሸክሞት ዞረ፤ ዲንቄ ሠርጓ ላይ ያልጨፈረችውን ያን ቀን ጨፈረች። ሰው ከተበተነ በኋላ ጠየቅሁት።

«እጄ እኮ አልነካህም።»

«አልነካኝም።»

«ታዲያ በምን አወቅክ?»

ሳቀ። «የጎባ ልጅ የጎባን መንገድ ያጣል?»

«አምናስ?»

ሳቁን ተወ። «አምናም አውቀው ነበር። አንተ ግራ ስትለኝ መንገዱን ለውጠውት ይሆናል፣ ወረቀቱ በእጁ ነው፣ ቀመር ያለ ነገር አይለኝም ብዬ ታጠፍኩ።»

ለካ ዓመት ሙሉ ስሰድበው የከረምኩት ጆሮ አምኖኝ ኖሯል። አፈርኩ። ይቅርታ የሚለውን ቃል በሁለቱም ቋንቋ አውቀዋለሁ፤ በአንዱም አልወጣልኝ አለ።

ለአዲስ አበባው ውድድር በሚያዝያ 1966 ቀን ተቆረጠለት። ሁንዴ ክረምት ከበጋ ሞተሩን ሲፈታና ሲገጥም ባጀ። የካቲት ላይ አገሩ ተናወጠ፤ መጋቢት ላይ ውድድሩ ቀርቷል የሚል ወረቀት መጣ። ከዚያ በኋላ ጎባም ሆነ አዲስ አበባ የጠራው የለም። በ1964 አንደኛ ብንወጣ ኖሮ በ1965 ይሄድ ነበር። ያንን ዓመት የበላሁበት እኔ ነኝ።

አሁን አውቶቡስ ይነዳል። ወደ ጎባ ስሄድ ሁልጊዜ ከኋላው ያለውን ወንበር ይይዝልኛል። ሮቤ ላይ የጎባው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ፊቱን ሳይመልስ «ቀመር፣ በየት በኩል ነው?» ይለኛል። ተሳፋሪው ይስቃል። እኔ አልስቅም። እጄን ዘርግቼ ቀኝ ትከሻውን እነካዋለሁ። ያ መቆም የማያውቅ ሰው እጄ እስኪደርስ ይጠብቅና ይታጠፋል።