የአጎቴ አራት ሳሙናዎች

ከሳሙና ፋብሪካ በኬሚስትነት ጡረታ የወጡት አጎቴ፣ ቀጨኔ ባለው ቤታቸው ለሚስታቸው የተሰነጣጠቀ እጅ ሳሙና ይቀምሙ ነበር። በመጨረሻ አራት ዓይነት ሠሩ፦ ሁለቱ ማር አላቸው፣ ሁለቱ የላቸውም፤ ከየጥንዱ አንዱ ላይ የኑግ ዘይቱ በዛ ይላል።

ያልተጠየቀ አስተያየት መስጠት ሥራዬ ስለሆነ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ማሩን ብቻ ቢሞክሩ አይሻልም?» አልኳቸው።

እንደ ልማዳቸው ሳቁብኝ። «መጽሐፍ ስታነብ ሚስት ሳታገባ ቀረህ። ማርና ዘይት ለየብቻቸው ሌላ ናቸው፤ ሲገናኙ ጠባያቸው ይለወጣል። አክስትህን ጠይቃት።»

ሳሙናዎቹ መስኮቱ ላይ ገና ሳይደርቁ አጎቴ ዐረፉ።

ከአርባቸው ማግስት አክስቴን፣ «ሳሙናዎቹ አሁን ደርቀዋል፤ የትኛው እንደሚስማማዎት ይታጠቡና ይዩት» አልኳቸው።

አክስቴ የተሰነጣጠቀ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

«ከታጠብኩባቸውማ ያልቃሉ» አሉኝ።