ጥቁሩን ማን ያስወልቃቸው

ባለቤቴ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ሙት ዓመቱ ወጥቷል፤ እኔ ግን ጥቁሬን አላወለቅኩም። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከአዲስ አበባ ደውላ «እማዬ፣ ለምን አታወልቂውም? ማን ከለከለሽ?» አለችኝ። ማንም አልከለከለኝም። እንዴት ብዬ ላስረዳት? ስልኩን ዘግቼ በረንዳው ላይ ስቀመጥ፣ መቱ ከተማ የነበረው የአክስቴ ጠጅ ቤትና ጋሽ ተሰማ ትዝ አሉኝ።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አራተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርቴን ትቼ አክስቴ እትዬ ዘነበች ዘንድ ጠጅ እያጠለልኩ መኖር ጀመርኩ። ዓይነ አፋር ነበርኩ። ብርሌ ሳቀርብ እንኳ የሰው ፊት አላይም፤ የማየው ልብሱን ነው። የአውራጃው ጸሐፊ ለእኔ እጅጌው የነተበ ካፖርት ነበር፤ ከዳሪሙ ቡና ጭነው የሚመጡት ደግሞ ዝናብ ያበሰበሳቸው ጋቢዎች። ጋቢዎቹ እሳት ዳር ተሰቅለው ሲተኑ ቤቱ እርጥብ ጥጥና ማር ይሸት ነበር። አክስቴ «እዚህ ቤት በልብሱ የሚመለስ ሰው የለም» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ በባዶ እግሩ ጭቃ ረግጦ የመጣም ደጅ ላይ ታጥቦ ይገባል።

የማይገባው ጥቁር የለበሰ ብቻ ነው። ሐዘንተኛ ጠጅ ቤት አይገባም፤ ጥቁሩንም በራሱ እጅ አያወልቅም። ዘመድ ተሰብስቦ «ይበቃሃል» ብሎ ያስወልቀዋል፣ ነጭ ያለብሰዋል።

ጋሽ ተሰማ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የዚያን ቤት ጠጪ ሁሉ ኮትና ተነፋነፍ ሱሪ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ከሸዋ ከሚስታቸው ጋር ሁለት ሆነው ነበር የመጡት፤ ሚስታቸው ስትሞት መቱ ውስጥ አንድ ዘመድ አልቀረላቸውም። ሙት ዓመቷ አለፈ፣ ክረምቱም ወጣ፣ ጥቁሩ ግን አልወለቀም። እሑድ እሑድ ደጃፋችን ላይ ይቆሙና «ዝናቡ ይመጣ ይሆን?» ይላሉ። ሰማዩ ለእሳቸውም ይታያል።

አንድ ቀን ወደ ውስጥ እያዩ «እዚያ ጥጉ ላይ አሁን ማን ይቀመጣል?» አሉኝ።

«ማንም። የእርስዎ ቦታ ነው፣ ጋሼ።»

ጥጉን እንደገና አይተው ሄዱ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ለአክስቴ ብነግራቸው «እኔ ምናቸው ነኝና ነው የማስወልቃቸው? ሰው ምን ይለኛል?» አሉ። ጠጪዎቹም እንዲሁ አንዱ ሌላውን ይጠብቅ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ለቤተ ክርስቲያን የምለብሳትን ነጠላ አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ጋሽ ተሰማ መጥተው ሲቆሙ ወጣሁና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩላቸው።

«ጋሼ፣ ይበቃዎታል» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ጠጪዎቹ ከውስጥ ዞረው አዩን። ከዚያ አንዱ «እንዴ! ጥለቱን እዩልኝ፣ ሙሽሪት አደረገቻቸው እኮ!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ተሰማ ነጠላውን ሊያወርዱ እጃቸውን አነሡ።

«ተው፣ እንዳታወርደው!» አሉ ኦቦ ጉደታ፣ ከዳሪሙ የሚመጡት ሽማግሌ። የራሳቸውን ጋቢ ገፈው ተነሡ። «ሳቁ እንጂ፣ ሳቁ! ያንን የለበሳችሁትን ኮት ማን ሰፋላችሁ? ይህ የእኛ ሥራ ነበር፤ ልጅቷ ቀደመችን።» ጥቁሩን ከላያቸው አውልቀው ጋቢያቸውን አለበሷቸው። «ሴኒ፣ ወንድሜ፣ ግባ» ብለው እጃቸውን ያዟቸው። የሳቀውም ሰውዬ ብድግ ብሎ መንገድ ለቀቀ።

ጋሽ ተሰማ ጥጋቸው ላይ ተቀመጡ። ብርሌውን ሳቀርብላቸው ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። እያለቀሱ ነበር፤ እንባቸውን ግን አልጠረጉትም። በማግስቱ ነጠላዬን መለሱልኝ፤ ተተርትሮ የነበረውን ጫፉን ሰፍተውታል።

ልጄ ቁም ሳጥኔ ነጭ ቀሚስ ሞልቶታል ብላ ትቆጣኛለች። የጋሽ ተሰማም ቤት ነጭ ጨርቅ ሞልቶት ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሜ «ዝናቡ ይመጣ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኳት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።