የቀረችኝ ጨጓራ

ጨጓራዬን አስቆርጬ ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ ስመለስ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ የመኪና ዕቃ ፍለጋ ሄጄ እንደቆየሁ ነበር የነገርኩት። እውነቱን የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። አብራኝ ሄዳ፣ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳይቀር በደብተር ጽፋ የመጣችው እሷ ነች።

የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ከወልድያ እህልና ሸቀጥ እጭንና በጋሸና በኩል ላሊበላ አራግፋለሁ። አንዳንዴ ብልባላ ድረስ እዘልቃለሁ፤ የተወለድኩት እዚያ ነው፣ እናቴም አሁን ድረስ እዚያው ናት። ሹፌር ተቀምጦ ይውላል፣ በቆመበት ሁሉ ይበላል። ጋሸና ስደርስ የበግ ጥብስ በድርብ፣ ላሊበላ ስገባ ቅቅል፣ ቤት ስደርስ ደግሞ ባለቤቴ ያቀረበችውን እበላ ነበር። መቶ አርባ ስምንት ኪሎ ደረስኩ። የጫማዬን ክር የምታስርልኝ ባለቤቴ ነበረች። ስኳርም ግፊትም ነበረብኝ። ከሁሉ የከፋው ግን እንቅልፌ ነበር። ተኝቼ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ስለሚያድር፣ ቀን መሪ ላይ ያንቀላፋኝ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጋሸና ቁልቁል ስወርድ፣ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ። ስለ ዝናቡ እያወራን ነበር። ቀጥሎ የማስታውሰው በእጄ ላይ የተጫነ እጃቸውን ነው። መሪውን ከእጄ ጋር ጨምድደው ይዘው ወደ ውስጥ እየጎተቱ ነበር። የፊት ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ለቆ ጠጠር ላይ ወጥቷል፤ ከጠጠሩ ወዲያ ገደል ነው።

"ልጄ፣ አንቀላፍተህ ነበር" አሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ።

ላሊበላ እስክንገባ ዳዊታቸውን ደገሙ። ሲወርዱ ግን ዞር ብለው አዩኝ። በዚያው ሳምንት ሐኪም ፍለጋ ተነሣሁ።

ሐኪሙ ከጨጓራዬ አብዛኛውን ቆርጦ ሙዝ የምታህል ብቻ ተወልኝ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የጠለለ ሾርባና ቀጭን አጥሚት ብቻ እጠጣ ነበር። ያንንም ቢሆን እንደ ልብ መጎንጨት የለም፤ በየሩብ ሰዓቱ ፉት እያሉ ነው። ባለቤቴ መጠኑን የምትለካበት ብታጣ፣ ለእንግዳ ያስቀመጠችውን የአረቄ መለኪያ አወጣች። ከዚያ በኋላ እንቁላል መጣ፣ እርጎ መጣ፣ የላመ ምስር መጣ። እንጀራ ሆድ ውስጥ ገብቶ ያብጣልና መጨረሻ ላይ ነው የተፈቀደልኝ፤ እሱም እንደ መዳፍ ያለች ቁራሽ። ምግብና ውሃ አንድ ላይ አይሄዱም፤ በልቼ ግማሽ ሰዓት ሳልቆይ ውሃ አልነካም። እያንዳንዱን ጉርሻ ደቅቆ ጭማቂ እስኪሆን አኝካለሁ። እኔ አንዱን ሳልውጥ ባለቤቴ ድርሻዋን ጨርሳ እጇን ትሰበስብና ታየኛለች። ሰው ሲያየኝ ደግሞ መዋጥ ያቅተኛል። ስለዚህ ሰሃኔን ይዤ ቆሜ፣ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እየተመላለስኩ መብላት ለመድኩ።

ስድስት ሰባት ጊዜ በቀን ስለምበላ ስልኬ በየሰዓቱ ይጮኻል። ብላ ይላል፣ ጠጣ ይላል፣ ክኒን ይላል። በፊት ምግብ ሲያምረኝ ነበር የምበላው፤ አሁን እየታዘዝኩ እበላለሁ። ሆዴ ዝም ብሏል። ያ ዝምታ ደስ ሊያሰኘኝ ሲገባ አስፈራኝ። የሆነ ነገር ረስቼ ከቤት የወጣሁ እየመሰለኝ ኪሴን እዳብስ ነበር።

ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ጋሸና ወደለመድኩት ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቲቱ ዓመታት ያስተናገደችኝ ሴት ናት፤ ሳላዛት ጥብሱን በድርብ አቀረበችልኝ። ግማሽ ይበቃኛል ብላት የከፋት መሰለኝ። ደግሞም ሽታው፣ የብረት ምጣዱ ጩኸት፣ የሹፌሮቹ ጨዋታ ያው የድሮው ነው። እጄ በልማዱ ሄደና ሦስት ጉርሻ ሳላኝክ ዋጥኩ። ወዲያው ደረቴ መሐል እንደ ድንጋይ ቆመ። ምራቄ አፌን ሞላው፣ ላብ አጠመቀኝ። ተነሥቼ ከመኪናዬ ኋላ ሄጄ ሁሉንም መለስኩት። ቀና ስል ሁለት የማውቃቸው ሹፌሮች ቆመው ያዩኛል።

ወሬው ከእኔ መኪና ቀድሞ ላሊበላ ገባ። ሱሪዬ በቀበቶ ተሰብስቦ፣ ጉንጬ ጎድጉዶ፣ ፀጉሬ እየረገፈ ነበርና ሰው የሚለውን አላጣም። አንዱ ሳንባው ነው ይላል፣ ሌላው ስሙን የማይጠሩትን በሽታ ያወራል። ጋቢና ውስጥ ከመለኪያ ሲጠጣ አየነው የሚሉም ነበሩ። አንድ ቀን ትራፊክ አስቆመኝና መለኪያዬን ተቀብሎ አሸተተ። አላመነም፣ ቀመሰው። ውሃ መሆኑን ሲያውቅ ይበልጥ ግራ ገባው። "ውሃ በመለኪያ ለምን?" አለኝ። የሐኪም ትእዛዝ ነው አልኩት። እሱም አዝኖልኝ ለቀቀኝ፤ ሐዘኑ ከቅጣት የባሰ ነበር።

ወሬው ብልባላ ደረሰ። እናቴ በገበያ ቀን ከሚመላለሱት መኪናዎች በአንዱ ተሳፍራ ሳትነግረን መጣች። በሩን ስከፍትላት አልሳመችኝም። የእጄን አንጓ ይዛ በሁለት ጣቷ ለካችው፣ ከዚያ ገብታ ተቀመጠች።

ለምን እንዳልነገርኳት መናገር አለብኝ። እናቴ ክፉውን የረሃብ ቀን ያየች ሰው ናት። ከእኔ በፊት የነበረው ወንድሜ በዚያ ዘመን ጀርባዋ ላይ ታዝሎ እንዳለ ነው የሞተው፤ መሞቱን ሳታውቅ ብዙ መንገድ ሄዳለች። እኔ ከዚያ በኋላ ተወለድኩ። እኔ ስወፍር እሷ ያረፈች ይመስላት ነበር። ብልባላ ስደርስ ጎረቤት እያየ ሆዴን መታ መታ ታደርገኛለች። ታዲያ እሷን ምን ብዬ ነው፣ የምበላው ሞልቶ ሳለ ወድጄ ጨጓራዬን አስቆረጥኩት የምላት?

ስለዚህ ዝም አልኩ። እሷ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በሦስተኛው ቀን ጠበል እንሄዳለን አለች። ባለቤቴ በዓይኗ ንገራት፣ ንገራት ትለኛለች። እኔ ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኳት።

ጠበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ከአንድ አለት ሥር ነው። ማለዳ ነበር፣ ይበርዳል። ተጠመቅሁ፤ እሱስ ደግ ነው። ከዚያ ግን አጥማቂው ቄስ ጣሳ ሞልተው ሰጡኝ። እንደ ወጉ ሦስት ጣሳ ይጠጣል። እኔ ያን ጊዜ የአንዱን ጣሳ ሩብ እንኳ በአንድ ሰዓት የምጨርስ ሰው አልነበርኩም። ከንፈሬን አስነክቼ ያዝኩት።

"ጠጣው እንጂ" አለችኝ እናቴ።

"እማ፣ አይገባልኝም።"

"በሽታው ነው እንዳይገባ የሚያደርገው። ጨክነህ ጠጣ።"

ፊቷን አየሁ። ጣሳውን አነሣሁና ጠጣሁ። ግማሽ ሳይሞላ ሕመሙ ከደረቴ እስከ ትከሻዬ ጠዘጠዘኝ። ተንበርክኬ መለስኩት፤ ስመልስ ያወጣሁት ድምፅ ለእኔም እንግዳ ነበር። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ለቀቀው፣ ለቀቀው ተባባሉ። ርኩስ መንፈስ የወጣልኝ መስሏቸው እልል ያለች ሴትም ነበረች። እናቴ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ ታለቅሳለች። ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም።

"እማ፣ በሽታ የለብኝም" አልኳት እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ። "አዲስ አበባ ሄጄ ጨጓራዬን አስቆረጥኩት። ብዙ እንዳልበላ ብዬ። ወድጄ ነው።"

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"የቆረጡትን የት አደረጉት?"

"አላውቅም እማ። ጣሉት መሰለኝ።"

"ሳይቀብሩት?"

ቄሱ ቀስ ብለው ጠጋ አሉና በሐኪም መታከም ኃጢአት እንዳልሆነ አስረዷት፤ እሷ ግን እሳቸውንም አላየችም። ወደ እኔ ዞረው ጠበሉን በማንኪያ እንድወስድ ነገሩኝ፤ ሦስት ጣሳ የሚለውን ልክ ያበዛነው እኛ ነን አሉ። እናቴ ጫማዋን አድርጋ ቀድማኝ ወጣች። ላድርስሽ ብላት እንቢ ብላ፣ በዚያው ቀን በሌላ ሰው መኪና ብልባላ ገባች።

ከዚያ በኋላ ስደውልላት ደኅና ነኝ ብላ ትዘጋለች። አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ጭነት ባይኖርም መኪናዬን አስነሥቼ እወጣለሁ፤ ጋሸና ደርሼ ምንም ሳልቀምስ እመለሳለሁ። ክብደቴ ወደ ዘጠና ወርዷል፣ ስኳሩ ጠፍቷል፣ እንቅልፌ ተስተካክሏል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ብዬ የቫይታሚን ክኒኑንም ተውኩት። ከኔ ወዲያ ጤነኛ ያለ አልመሰለኝም። ባለቤቴ ወሰድክ ወይ ስትለኝ ወሰድኩ እላታለሁ።

ጥቂት ወራት አልፈው እግሬን ይነዝረኝ ጀመር። የመቀመጥ ነው ብዬ ናቅሁት። ኋላ አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ረገጥኩ፤ መኪናው ሲያዘግም አየሁ እንጂ መርገጤን እግሬ አልነገረኝም። ሁለተኛ ረገጥኩ፣ ያው ነው፤ ከጉልበቴ በታች የሌላ ሰው እግር የተቀጠለልኝ ይመስል ነበር። ዳር ይዤ ቆምኩና ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጌ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁ። ጣቶቼን በጥፍሬ ቆነጠጥኳቸው። ምንም።

ወልድያ ደሜን የመረመረችው ሐኪም ቫይታሚን ቢ12 ከሰውነቴ ተሟጥጦ እንዳለቀ ነገረችኝ። የቀረችኝ ጨጓራ ቫይታሚኑን ከምግብ አላቅቃ እንደ ልብ ማስተላለፍ አትችልም። ብረቱም ወርዷል። "ይህን እስክትሞት ትወስዳለህ። ካቆምክ እግርህ ላይመለስ ይችላል" አለችኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች፤ የዋሸኋትን ያወቀችው እዚያ ነው። አልተቆጣችኝም፤ ደብተሯን አውጥታ መርፌው በስንት ቀን እንደሚወጋ ጻፈች። ለሁለት ወር መንዳት ተከለከልኩ።

ለእኔ ያ ሁለት ወር እስር ነበር። በደነዘዘ እግሬ ግቢውን እዞራለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ለእናቴ ደውላ እንደነገረቻት ያወቅሁት እናቴ አንድ ረፋድ ላይ አንድ ማሰሮ አይብ አሸክማ በር ላይ ስትቆም ነው። ገብታ ከባለቤቴ ጋር ጓዳ ተቀመጡ። ደብተሩ ሲነበብላት እሰማለሁ፤ እያስቆመች ትጠይቃለች። ባቄላስ? በሶስ? ሲጾምስ? የንስሐ አባቴ የሰዓቱን ጾም እንዳነሡልኝና፣ ከሥጋና ከወተት ግን ሐኪሟ ሽምብራና ምስር አብዝቼ እንድጾም መፍቀዷን ባለቤቴ ነገረቻት።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። እየዞርኩ ስለነበር ቆማ ጠበቀችኝ።

"ያን ልጅ የቀበርኩት የማጎርሰው አጥቼ ነው" አለችኝ። "አንተ ደግሞ ማጉረሻውን ቆርጠህ ሰጠህ። እስካሁን አልገባኝም፤ የሚገባኝም አይመስለኝ። ግን አለህ።"

ዓመታዊ ዝክሯን ስታወጣ ብልባላ ሄድን። አክስቶቼ ገና ከመቀመጤ ከግራም ከቀኝም ጉርሻ ይዘው ተነሡ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ፣ ልጄን ማንም እንዳያጎርሰው፣ ሐኪም ነው የከለከለው ብላ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። አንዷ አክስቴ ተቀይማ ጉርሻዋን ራሷ በላችው። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ የእኔን ያህል ቀስ እያለች አኘከች፤ ከማኅበሩ ሁሉ መጨረሻ የተነሣነው ሁለታችን ነን።

እግሬ ተመልሷል፤ የግራ ትንሹ ጣቴ ብቻ አሁንም ደንዛዛ ነው። መንዳት ጀምሬያለሁ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ አራት ኪሎ ጨምሬያለሁ፤ ሚዛን ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ ውጣ ብለውኛል፣ እኔ ግን በየማለዳው ነው የምወጣው።

ባለፈው ሳምንት፣ ጋሸና ስመልስ ካዩኝ ሁለት ሹፌሮች አንዱ መኪናዬ ድረስ መጣ። ያኔ ወሬውን ካዛመቱት አንዱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ድሮ እኔ የነበርኩትን ያህል ወፍሯል፤ ወደ ጋቢናው ለመውጣት መያዣውን ይዞ ሁለት ጊዜ አረፈ። ስለ ሐኪሙ ጠየቀኝ፣ ስለ ሕመሙ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ መርፌው፣ ስለ እግሬ፣ ስለ ፀጉሬ፣ መሪ ላይ ማንቀላፋት ስለመተዌም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ቀረው።

"ትጠግባለህ?" አለኝ።

አይርበኝም አልኩት። እሱን አይደለም የጠየቅሁህ አለኝ። ላስብበት አልኩትና ሞተር አስነሣሁ። እሱም ወርዶ መኪናው ዘንድ ሄዶ ቆመ፤ በመስታወቱ እስኪሰወርብኝ ድረስ አልገባም ነበር።