የጓዳችን ችካል

ዛሬ ጠዋት በሰው አገር፣ ብሪን በሚባል ሰፈር ወደ ጽዳት ሥራዬ ስሄድ መንገድ እየሠሩ ነበር። ትኩስ ሬንጅ ሸተተኝና አፍንጫዬ እኔን ጥሎ ኮምቦልቻ ገባ።

ያኔ ከተማችን በተራሮች መሀል የተዘረጋች አንዲት መንገድ ነበረች። አዲስ አስፋልት ሊወጣ ነው ተባለና መሐንዲሱ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ጓዳችን በር ላይ ተከለ። እማዬ "በቃ፣ ጓዳዬ ሊሄድ ነው" ብላ ስታለቅስ ሰማሁ። እኔ የሰባት ዓመቱ መሐንዲስ ችካሉን ነቀልኩና ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በር ላይ ተከልኩት። ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

እማዬ ጭቃ የሆነ እጄን አይታ ገባት። አልመታችኝም። ችካሉን ራሷ አምጥታ፣ በድንጋይ እየመታች ጓዳዋ በር ላይ መለሰችው።

"የዘይነባን ምድጃ አጥፍቼ የኔን ላነድ ነው፣ አንተ ጅል?"

ያኔ የሰማሁት ጅል የሚለውን ብቻ ነው።

ጓዳው ፈረሰ። ከተማዋ ፋብሪካና ፎቅ አበቀለች። ባለፈው ወንድሜ በቪዲዮ ሲያሳየኝ "ጓዳችንስ የቱ ጋ ነበር?" አልኩት። "ያ ባጃጅ የቆመበት" አለኝ።

"የፈለግከው ነገር አለ?" አለኝ የብሪኑ መንገድ ሠራተኛ። ለካ እዚያም ቀይ ችካል ተተክሏል፣ እኔም አናቱን ጨብጬ ቆሜያለሁ።

በቋንቋቸው "ናይ፣ ናይ"፣ የለም የለም ብዬ ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከተትኩ።