ተስፋ በሰባት ቋንቋ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር የምታስተምረዋ ልጄ በስልኬ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ ለተማሪዎች የታተመ መዝገበ ቃላት ገጽ ነው፤ የላቲኑ ቃል ይቀድማል፣ ከሥሩ ትርጉሙ በብዙ ቋንቋ ይከተላል። «አባዬ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አይተህ ታውቃለህ?» ትላለች።

አይቻለሁ። መተማ ዮሐንስ፣ ሐጂ ኢድሪስ ሱቅ፣ ከሻይ ቅጠሉና ከሳሙናው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ።

የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ ከደጋ የወረድሁ አዲስ መምህር። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሰሊጥ ይታጨዳል፣ የጭነት መኪናው አቧራ እስከ ጥቁር ሰሌዳው ይገባል፣ ሙቀቱ ጠመኔውን ከእጄ ያንሸራትተዋል። አንድ ቀን ስም ስጠራ «አመል ሙሉ» የሚል አጋጠመኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ቀጭን ልጅ ተነሣች።

«አመል? ክፉ አመል ነሽ ደግ አመል?» አልኋት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥያቄ ጠየቅኋት፤ ዝም። ደገምሁላት፤ ዝም። የናቀችኝ መሰለኝና በሩ ሥር አንበረከክኋት። እስኪደወል ድረስ እንባ ሳይወጣት ከንፈር ከንፈሬን ታይ ነበር።

ከትምህርት በኋላ ሐጂ ሱቅ ተቀምጬ በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉል እየበላሁ ነገሩን እንደ ቀልድ አወራሁት። ሐጂ አልሳቁም። በወጣትነታቸው ሱዳን፣ ገዳሪፍ አንድ የግሪክ ነጋዴ ዘንድ ሠርተዋል፤ ሰውየው አገሩ ሲገባ ያን መጽሐፍ ትቶላቸው ሄደ። ቆዳውን ምስጥ በልቶታል። ሐጂ ግን ነጋዴው ሳይሄድ እየጠየቁት በየቃሉ ጎን ዐረብኛውን በእጃቸው ጽፈውበት ነበር።

መጽሐፉን አወረዱና ቀስ ብለው ገልጠው አንድ ቃል ላይ ጣታቸውን አኖሩ። የላቲኑን ፊደል ቆጥሬ «ስፔስ» ብዬ አነበብሁ። ከሥሩ ግሪክኛው፣ ጣሊያንኛው፣ ፈረንሳይኛው፣ ጀርመንኛው።

«የኔ ጽሑፍ ደግሞ አመል ይላል» አሉኝ። «ተስፋ ማለት ነው፣ ልጄ። እናቷ ሱዳናዊት ነበረች። ስትሞት አባትየው ከገዳሪፍ ይዟት መጣ። አማርኛ ከወዴት ታምጣ?»

ፉሉን ገፍቼ ተነሣሁ።

በማግሥቱ ሐጂን ለምኜ ክፍል ይዣቸው ገባሁ። ልጂቱን አስነሥቼ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሳቸው በዐረብኛ ተረጎሙላት። ሰሌዳው ላይ «ተስፋ» ብዬ ጻፍሁ። እሷ ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?»

«‹አሁን ልቀመጥ?› ነው የምትል» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ አባቷ አቶ ሙሉ ሐጂ ሱቅ ድረስ መጡ። «ገለጉ እርሻ ላይ የማሽላ አጨዳ ሥራ አግኝቻለሁ፣ መምህር። ይዣት ልሂድ። ነገሩ ካልገባት እዚህ መቀመጧ ምን ይረባታል?»

«እስከ ጥምቀት ይተዉልኝ» አልኋቸው። ሐጂም «ከልጆቼ ጋር ትደር» አሉ። አባት እያመነቱ ተስማሙ።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ሱቁ ውስጥ ነበርን። አመል የሐጂን ዐረብኛ ታነባለች፣ እኔ አማርኛውን እነግራታለሁ፣ እሷ በተረፈችው ጠባብ ቦታ በእርሳስ ትጽፈዋለች። ራስ፣ እጅ፣ እንጀራ፣ ዝናብ። መጽሐፉ እንዳይበላሽ ብዬ ስሰጋ ሐጂ «ለተማሪ የተሠራ አይደል እንዴ?» አሉኝ። «ትራክተር» እና «ጉምሩክ» ስለሌሉበት በባዶው የመጨረሻ ገጽ ላይ ጨመርናቸው። ያኔ ነው አመል ስትስቅ መጀመሪያ ያየኋት።

ጥምቀት አለፈ። አቶ ሙሉ የጭነት መኪና ደጅ አቁመው ሊወስዷት መጡ። ልጂቱ ወጣችና ፊታቸው ቆመች።

«አባ፣ ትምህርት አለብኝ። አንተ ሂድ። እኔ እቆያለሁ።»

ሰውየው መኪናው ጎማ ሥር ቁጢጥ አሉና ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። «በእናቷ ቅላጼ በአማርኛ አናገረችኝ» አሉኝ። ብቻቸውን ተሳፈሩ።

አመል ዛሬ እዚያው መተማ ነርስ ናት። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ሸሽቶ የሚመጣውን ሰው ተቀብላ የት እንደሚያመው በቋንቋው ትጠይቀዋለች። ሐጂ ከሞቱ ቆይተዋል፤ መጽሐፉን ለሷ ነው የተዉላት።

ለልጄ ይህን ሁሉ ጻፍሁላት። ያን መዝገበ ቃላት ማን እንዳዘጋጀው አላውቅም። ሊቅነቱን ሊያሳይ የደከመ ግን አይመስለኝም። መምህር ከነበረ፣ የሚለው ሳይገባት ከንፈሩን የምታይ አንዲት ልጅ ከፊቱ ሳትቀመጥ አልቀረችም።