ሦስተኛው ሳህን ላዛኛ

ነገሩ የተጀመረው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ ባለ አንድ አፓርታማ ውስጥ ነው። የእናቴ ጓደኛ ከቅዳሴ ስንወጣ እጄን ይዘው፣ «ልጄ ነገ የኢኮኖሚክስ ፈተና አለባት፤ አንቺ የተማርሽው እሱን አይደል? እስቲ ትንሽ አስረጃት» ሲሉኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። በተማሪነቴ እጄን አውጥቼ የመለስኩበትን ቀን እንኳ አላስታውስም። አሁን ላስተምር ነው ብዬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤቴ መመለሴን ትቼ መኪናቸውን ተከተልኩ።

ልጅቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የምትፈተነው ኤፒ የሚሉትን፣ ጥሩ ውጤት ላመጣ ሰው ኮሌጅ ሲገባ አንድ ኮርስ የሚያስቀርለትን ፈተና ነበር። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። እናትየው ወደ ኪችን ገባ እንዳሉ ልጅቷ ወደኔ ጠጋ ብላ፣

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ እኔ ነገ አልፈተንም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ፌል ለማድረግ ለምን እሄዳለሁ? ቲቸራችን ግዴታ አይደለም ብሏል።»

ለእናትየው ብነግራቸው ልጅቷ ትቀየመኛለች፤ ዝም ብል ደግሞ አምነው ያመጡኝን ሴትዮ ማታለል ነው። «እስቲ መጀመሪያ ያስቸገረሽን አሳዪኝ» አልኳት።

ያስቸገራት ማርጂናል ዩቲሊቲ ነበር። ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲያገኝ፣ ከእያንዳንዱ ጭማሪ የሚያገኘው እርካታ እየቀነሰ ይሄዳል። እስከዚህ ገብቷታል። ከዚያ ግን፣ «እንግዲያው ጠቅላላ እርካታውም ይቀንሳላ» ትልና የልምምድ ጥያቄዎቹን ሁሉ ትስታለች። ግራፍ ሳልኩላት። ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አይሰማኝም። ልጅቷ አዛጋች።

እናትየው ላዛኛ ይዘው መጡ። ፋሲካ ገና ማለፉ ስለነበር ሥጋውም ቺዙም አልተቆጠበበትም። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩምና ጥርግ አድርጌ በላሁት። ሳህኑን ከማስቀመጤ ሌላ ተጨመረበት።

«በቃኝ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«በሞቴ! ምን በላሽና?»

በላሁ። እሱም ጥሩ ነበር፤ ብቻ እንደ መጀመሪያው አይደለም። ሦስተኛው ሲመጣ ሁለት እጄን ሳህኑ ላይ ዘረጋሁ። እሳቸው እጆቼን ገለል አድርገው ጨመሩልኝ።

«አፈር ስሆን! እንዲህ ከስተሽ እናትሽ ምን ትለኛለች?»

እሱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ልጅቷ እርሳሷን ነክሳ ስታየኝ ቆይታ፣ «ዌይት» አለች። «የመጀመሪያው በጣም ጣፈጠሽ?»

«በጣም።»

«ሁለተኛውስ?»

«ጥሩ ነው፤ ትንሽ ያነሰ።»

«ባይመጣልሽ ይሻልሽ ነበር?»

«ኧረ አይደለም። እሱን በልቼ ነው የጠገብኩት።»

«ሶ፣ የጨመረልሽ ትንሽ ነው፤ ግን ጨምሯል!» ወረቀቱ ላይ ሁለት ነጥቦች አደረገች፤ ሁለተኛውን ከፍ አድርጋ። «ሦስተኛውስ? እውነቱን ንገሪኝ።»

እናትየው ጭልፋቸውን እንደያዙ አጠገቤ ቆመዋል። ያበላኝን ሰው ፊት ለፊት ነቅፌ አላውቅም። «ይጣፍጣል» ብሎ መገላገል ቀላል ነበር። የልጅቷ እርሳስ ግን ከሁለተኛው ነጥብ በላይ ሊያርፍ ነው፤ እንደዚያ ብዬ ከዋሸኋት ደግሞ ነገ ቤቷ መቅረቷ ነው።

«ባልበላው ይሻለኝ ነበር» አልኩ። ፊቴ ጋለ።

እናትየው ጭልፋቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምነው? ጨው በዛበት?» አሉ እናትየው።

«ኖ እማዬ፣ ኔጋቲቭ ነው!» ልጅቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ጠቅላላው የሚወርደው አሁን ነው! ከዜሮ በታች ሲሆን!»

«ምኑ ነው ኔጋቲቩ? የጣሊያን ቺዝ ነው እኮ ያደረግሁበት!»

ልጅቷ እየሳቀች እናቷን አቀፈቻቸው። እኔም መሳቄ አልቀረም፤ በሳቅኩ ቁጥር ግን ሆዴን ያመኛል።

ከዚያ በኋላ የሳተቻቸውን ጥያቄዎች እንደገና ሠራቻቸው፤ አብዛኞቹን አገኘቻቸው። ልሄድ ስነሳ እስከ ሊፍቱ ሸኘችኝ።

«እሺ፣ እፈተናለሁ። ግን አንቺ ከወሰድሽኝ ነው። እማዬ ከወሰደችኝ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ፣ ጓደኞቼ እያዩ፣ ጮክ ብላ ትጸልይልኛለች።»

«እናትሽ ቅር አይላቸውም?»

«እኔ እነግራታለሁ። ትመጫለሽ?»

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ጋ ደውዬ እንደማረፍድ ተናገርኩ፤ ሥራ ከጀመርኩ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ቤልትዌዩ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ተጨናንቆ ነበር፤ ቢሆንም በጊዜ ደረስኩ። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ለፕሮም፣ ለዓመቱ መጨረሻ የተማሪዎች ጭፈራ፣ ስለምትለብሰው ቀሚስ አወራችልኝ። ትምህርት ቤቱ ደጅ ስንደርስ ግን የመኪናውን በር ይዛ ቀረች።

«ብንመለስስ?»

«አንመለስም። ውረጂ!» አልኳት፤ ራሴን እስኪገርመኝ ድረስ ጮክ ብዬ።

ሳቀችና ወረደች። በሩን ገፍታ ስትገባ አየሁና ወደ ሥራዬ ነዳሁ።