ባለ አንድ ዓይኑ መነጽር

ነቀምቴ ውስጥ ዋጋሪን የማያውቅ አዳኝ ካለ እሱ አዳኝ ሳይሆን የበግ ነጋዴ ነው። በዴዴሳ ሸለቆ ዕድሜውን ሙሉ አዳኞችን ሲመራ ኖሯል። ሌላው ሰው ቁጥቋጦ ሲያይ እሱ ከቁጥቋጦው ውስጥ የጎሹን ጆሮ ያያል። «ካላየሁትማ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ሲምል የሚጠራጠረው አልነበረም። ያ ሁሉ ግን ሚስቱ ቀለሟ ሳትሞት ነው።

እሷ ከሞተች ወዲህ ሥራው በር ላይ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ሆነ። «ጂርታ?» ይሉታል አላፊዎች፤ አለህ ወይ ማለታቸው ነው። «ጂራ» ይላል። አለሁ። በቃ፣ ወሬው አለቀ። በቀብሯ ቀን እንባ ጠብ አላለውም። ለቀስተኛው በነጠላው ጥግ አፉን ሸፍኖ ሲያማው ሰምቷል፤ አልከፋውም። የሚከፋውን ቦታ ፈልጎ አጣው። ከዚያ አንድ ጠዋት ሲነሣ ፊት ለፊቱ ያለው ጋራ ጢስ የለበሰ መሰለው። በማግስቱም ጢሱ አለ። ልጁ ኬኔ «ኀዘን ነው አባ፣ ያልፋል» አለችው። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎችም እንደዚያው አሉ። እሱም አመነ። እንባው መውጣት ቢያቅተው እዚያው ዓይኔ ላይ ተጋግሮ ቀረ፣ አለ በልቡ። ሌላ የሚያሳየው ኀዘን ስላልነበረው ይህችኑ ያዘ።

እንግዲህ በጥቅምት ኢቢሳ መጣ። ኢቢሳ የቀለሟ የእህት ልጅ ነው፤ አኖ ከተማ ሱቅ ነበረው፤ አሁን ፈቃድ አውጥቶ አዳኞችንና ፎቶ የሚያነሡ እንግዶችን ወደ ሸለቆው ሊወስድ ተነሥቷል። «አባ ኬኔ፣ ያለ እርስዎ ዓይን ዱር አልገባም። በመጀመሪያ የሩቅ ማሳያ መነጽር ይምረጡልኝ፤ ከዚያ አብረን እንወርዳለን» አለው። ዋጋሪ ደስ አላለውም፤ እምቢም አላለም። ከመረጠ ወደ ዱሩ ይመለሳል፣ ካልመረጠ ወደ ወንበሩ። ኮፍያውን አድርጎ ተከተለው።

ተረፈ ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮ፣ የፀሐይ መብራትና መነጽር ይሸጣል፤ አባቱ ከጎጃም የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ በሁለት ቋንቋ የሚቀልድ ሰው ነው። ሦስት መነጽሮችን ጓሮው ውስጥ አቆመላቸው። ዋጋሪ የለመደው አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ባለ ሁለት ዓይን ነው። እነዚህ ባለ አንድ ዓይን፣ በሦስት እግር የሚቆሙ ናቸው። ኢቢሳ ትልቁን ወደደው።

«ስልሳ እጥፍ ያቀርባል!»

«ስልሳ እጥፍ ሲያቀርብ ስልሳ እጥፍም ይንቀጠቀጣል» አለ ዋጋሪ። «ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲንቀለቀል ጎሹ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስልሃል። ደግሞስ ማን ሊሸከመው ነው?»

ትንሿ ቀላል ናት፤ ግን አፏ ጠባብ ነው፤ ሲነጋና ሲመሽ፣ አውሬው በሚወጣበት ሰዓት፣ ብርሃን አታስገባም። የመካከለኛዋ ዓይን ማስጠጊያ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው፤ ረጅሙም አጭሩም ሳያነቃንቃት ተራ በተራ ያይባታል። ስልክ ማሠሪያም አላት፤ እንግዳው ጉሬዛውን በስልኩ ያነሣል። ይህን ሁሉ ገና ሳያይባቸው፣ በእጁ እየዳሰሰ ነው የተናገረው። ኢቢሳ ፊቱ በራ።

ከዚያ ዋጋሪ አጎነበሰ። አዳኝ ግራውን ጨፍኖ በቀኙ ነው የሚያየው፤ እሱም እንደ ልማዱ። ጋራው ላይ ወዳለው ዋርካ አነጣጠረ። ጢስ። ማስተካከያዋን አዞረ። ጢስ። «ይቺ ጭጋግ አላት» አለ። ወደ ትልቁ ሄደ። «ይሄም።» ትንሿንም ሞከረ። «ተረፈ፣ ሦስቱም እርጥበት ገብቷቸዋል።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ዛሬ ከካርቶን የወጡትን?»

ኢቢሳ አጎንብሶ አየ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነበር። «የጉሬዛው ነጭ ጭራ ሳይቀር ይታያል እኮ» አለ፤ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጎ ነው።

ዋጋሪ እንደገና አጎነበሰ፤ አሁን ዓይን ቀየረ። በግራው ዋርካው ቅጠል በቅጠል ሆኖ ቀረበው። ወደ ቀኙ ተመለሰ። ጢስ። ማንም ሳይነግረው ገባው።

ተረፈ አገጩን ይዞ ወደ ፀሐይ አዞረው። «አንተ ሰው! ሞራ ነው እኮ! የዓይን ሞራ!»

«አባቴም ሞራ ያነቡ ነበር» አለ ዋጋሪ ቀስ ብሎ። አባቱ በሬ ሲታረድ ሞራውን ዘርግተው የሚመጣውን የሚናገሩ ሰው ነበሩ። «የራሱን የዓይን ሞራ ግን ማን ያነባል?»

«ይኸው እኔ አነበብኩልህ! ለእናቴ አውጥተውላት በሳምንቱ ምስር ትለቅም ነበር።»

ኢቢሳ ትንፋሹ ተመለሰ። «ተመስገን! እኔ ደግሞ ምን መጣ ብዬ… በቃ፣ ሰኞ ሐኪም ዘንድ እኔው እወስድዎታለሁ። ሥራው የእርስዎ ነው፤ እስኪድኑ እጠብቃለሁ።» መካከለኛዋን ገዝቶ አሳሸጋት።

እንግዲህ ይህ የምሥራች ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። ዋጋሪ ግን የዕቃ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ጋራው፣ የተረፈ ጓሮ፣ ኢቢሳ ራሱ ነጭ ሆኑ። ኀዘን ያለው ነገር በሽታ ሆኖ ተገኘ። ለሚስቱ የያዘላት ይህችን ብቻ ነበር፤ ይህችም የእሷ አልነበረችም።

«ሰኞ አይሆንም» አለ።

«ለምን አባ ኬኔ? ያምዎታል እንዴ?»

«አያመኝም። ችግሩ እሱ ነው።» መዳፉን ከዓይኑ አላነሣም። «ኢቢሳ፣ እኔ ለአክስትህ እኮ እስካሁን አላለቀስኩላትም። ይቺን ካወጡብኝ ምን ይቀረኛል?»

ለሁሉ ቀልድ የማያጣው ተረፈ ሌላ ሣጥን ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።